መዓዛማ ዘይት ለንብ፦ ማሩን የሚያበዛው ጠርሙሱ ነው ስኳሩ?

በዚህ ዓመት ጥር ወር መገባደጃ ላይ የአጎቴ ልጅ ከአርባ ምንጭ ደውሎ፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ለንቦቹ ዘይት ልንገዛ ነው» አለኝ። የምን ዘይት እንደሆነ ስጠይቀው ከውጭ አገር የሚመጣ፣ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ፣ የናናና የጠጅ ሳር ሽታ ያለው ነገር መሆኑን ነገረኝ። በስኳር ውኃ ላይ ጠብ ተደርጎ ለንብ ሲሰጥ ማሩን እጥፍ ያደርጋል ተብሎ ተነግሯቸዋል። እሱና ስምንት ጓደኞቹ በማኅበር ተደራጅተው፣ በብድር በገዟቸው 40 ባለፍሬም ቀፎዎች ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ንብ ማነብ ከጀመሩ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ከብድሩ ዋሶች አንዱ እኔ ነኝ። ጠርሙሶቹን ለመግዛት ያሰቡት ደግሞ ለመጪው የብድር ክፍያ ካስቀመጡት ገንዘብ ላይ ነበር።

ስለዚህ ነገሩን እንደ ማንኛውም የስልክ ወሬ ሰምቼ ልተወው አልቻልኩም። በዚያ ላይ እኔና ይህ ዘይት የምንተዋወቀው ዛሬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ግቢ ውስጥ ባስቀመጥኳቸው አራት ቀፎዎች ላይ ሞክሬው የደረሰብኝን ዝቅ ብዬ አወጋለሁ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁትም በሥራ ምክንያት ከተማ ተቀምጠው በትውልድ ቀያቸው ቀፎ ላስቀመጡ፣ ለማስቀመጥ ለሚያስቡ፣ ወይም እንደ እኔ ለዘመድ ዋስ ለሆኑ አንባቢያን ይጠቅማል በሚል ነው።

ዘይቱ ምንድን ነው?

በሳይንሱ ኢሴንሻል ኦይል የሚባለው መዓዛማ ዘይት ከምግብ ዘይት ጋር የስም እንጂ የባሕርይ ዝምድና የለውም። ከቅጠል፣ ከአበባ፣ ከልጣጭ ወይም ከእንጨት በብዛት በእንፋሎት ተነጥሮ የሚወጣ፣ በቀላሉ የሚተን፣ የተክሉን ሽታ አጠቃልሎ የያዘ ፈሳሽ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲታሽ አፍንጫን የሚሰነፍጠው፣ ጦስኝ ሻይ ውስጥ ሲገባ ቤቱን የሚያውደው እሱ ነው። በአገራችን የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ጠጅ ሳርን የመሳሰሉ መዓዛማ ዕፅዋትን በማጥናት ይታወቃል።

ለንብ መኖ ተብለው የሚሸጡት ቅልቅሎች አብዛኞቹ የጠጅ ሳርና የናና ዘይትን መሠረት ያደርጋሉ። ዘይትና ውኃ እንደማይዋሃዱ የታወቀ ነውና ሌሲቲን የተባለ ማዋሃጃ ይጨመርባቸዋል። ይህች ማዋሃጃ ትንሽ ነገር ትምሰል እንጂ፣ እሷ ከሌለች ዘይቱ ከሽሮፑ በላይ ተንሳፎ ንቧ ምላሷን ስትዘረጋ መጀመሪያ የምታገኘው ያልተበረዘ ዘይት ይሆናል። ያልተበረዘ መዓዛማ ዘይት ደግሞ ለነፍሳት መርዝ ነው። ተክሉ ዘይቱን የሚሠራበት አንዱ ምክንያትም ቅጠሉን የሚበሉ ነፍሳትን ለማባረር ነው።

ከነዚህ ሌላ በንብ አናቢዎች ዘንድ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ቲሞል ነው። ቲሞል በጦስኝ ውስጥ የሚገኝ፣ ሽታው ኃይለኛ የሆነ ንጥረ ነገር ሲሆን የአገራችን የደጋ ጦስኝ ዝርያዎችም ቲሞልንና ካርቫክሮል የተባለውን ዘመዱን በብዛት ይይዛሉ።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ንብን መዓዛማ ዘይት የመመገብና በቀፎ ውስጥ የማጠን ልማድ በአውሮፓና በአሜሪካ የተስፋፋው ማር ለማብዛት ታስቦ አልነበረም። ምክንያቱ ቫሮዋ የተባለው መዥገር መሰል ጥገኛ ተባይ ነው። ይህ ተባይ ከእስያ ንብ ወደ ማር ንባችን ዝርያ ተሻግሮ ባለፈው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ዓለምን ሲያዳርስ፣ በዚያ አገር ያሉ ንብ አናቢዎች ቀፎዎቻቸው በገፍ አለቁ። ኬሚካል ረጩ፤ ተባዩ ኬሚካሉን ተላመደ። ከዚያ በኋላ ነው ፊታቸውን ወደ ዕፅዋት ዘይት ያዞሩት።

በዚህ ረገድ በስዊዘርላንድ የሊበፌልድ የንብ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ሰፊ ግምገማ አለ። በቤተ ሙከራ ከ150 በላይ ዘይቶችና ንጥረ ነገሮች ተፈትሸው፣ በእውነተኛ ቀፎ ላይ ውጤታቸውን ያስመሰከሩት ጥቂት ብቻ መሆናቸውን ይገልጻል። ከነዚያ ጥቂቶች ዋነኛው ቲሞል ነው፤ እሱም የሚሠራው በአብዛኛው እየተነነ በጢሱ እንጂ በመኖ አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የራሳችንን አገር እንይ። ቫሮዋ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ዓመታት በትግራይ መገኘቱ በተመራማሪዎች ተዘግቧል። ይሁንና የአፍሪካ ንቦች ይህን ተባይ በመቋቋም ከአውሮፓ ዘመዶቻቸው እጅግ ይሻላሉ። ተባዩ እ.ኤ.አ. በ2009 በታወቀባት ኬንያም ሆነ ቀድሞ በገባባት ደቡብ አፍሪካ፣ ያለ መድኃኒት የሚኖሩ ቀፎዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጠርሙሱ የመጣበት አገር ዋነኛ ችግር እኛ ዘንድ የዚያን ያህል የከፋ አይደለም ማለት ነው። የሌላ ሰው ሐኪም ማዘዣ ይዞ መድኃኒት ቤት እንደ መሄድ ነው ነገሩ።

ማር ጨመረ የሚል ጥናት ፈጽሞ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ለአብነት እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የቱርክ ጥናት፣ ኖዜማ በተባለው የአንጀት በሽታ የተያዙ ቀፎዎች በሽሮፕ ውስጥ ቲሞል ሲሰጣቸው በሽታው መቀነሱን፣ የንቡ ብዛትና የማሩ ምርትም መሻሻሉን አሳይቷል። በቤተ ሙከራም ቲሞል የኖዜማን ስፖሮች ቁጥር እንደሚቀንስ ከአንድ በላይ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ኖዜማ በኢትዮጵያም አለ። እንግዲህ በኖዜማ የሚሠቃይ ቀፎ ያለው ሰው ከዘይቱ ጥቅም ሊያገኝ ይችላል። ማሩ የሚጨምረው ግን ንቧ ስለዳነች እንጂ ዘይቱ ማር ስለሚሠራ አይደለም። ጤነኛ ንብን መድኃኒት ማጠጣት ምን ይጨምራል?

ያልተጠየቀው ጥያቄ

የአጎቴን ልጅ «እጥፍ ይሆናል ያላችሁ ሰው እጥፍ የሆነው ከምን ጋር ተወዳድሮ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። መልሱ ሁሉን ነገር ገላለጠው። ሻጩ ያሳያቸው ሁለት ዓይነት ቀፎ ነበር፤ አንደኛው በስኳር ሽሮፕ ላይ ዘይት ተጨምሮለት ለሳምንታት የተመገበ፣ ሁለተኛው ምንም ሳይሰጠው በበጋው ረሃብ የከረመ።

ይህ ውድድር አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ ስኳር የበላች ንብና በረሃብ የከረመች ንብ ምርታቸው ሊለያይ ግድ ነው። ልዩነቱ ከስኳሩ ይምጣ ከዘይቱ ማወቅ የሚቻለው አንዱ ቀፎ ሽሮፕ ብቻ፣ ሌላው ሽሮፕና ዘይት፣ በእኩል መጠን፣ በአንድ ቀን ጀምሮ ሲሰጣቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ባነበብኳቸው የገበያ ጽሑፎች ውስጥ ይህ ውድድር ደብዛው የለም። ስኳሩ ሥራውን ይሠራል፣ ጠርሙሱ ምስጋናውን ይወስዳል።

ሽታ ለንብ ምንም አይደለም ለማለትም አልቸኩልም። እንዲያውም ሽታ የንብ ቋንቋ ነው። የንብን ጭፈራ ትርጉም ፈትቶ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ካርል ፎን ፍሪሽ፣ ንቦችን በሽታ መርቶ ወደ ተፈለገ ሰብል ስለማሰማራት እ.ኤ.አ. በ1947 መጽሐፍ አሳትሟል። በቅርቡ ደግሞ የአርጀንቲና ተመራማሪዎች የሱፍ አበባን ሽታ አስመስለው የቀመሙትን ሽሮፕ በቀፎ ውስጥ ሲመግቡ ንቦቹ ሽታውን ተምረው ወደ ሱፍ ማሳው አዘነበሉ፤ የሱፉ ምርትም ከ29 እስከ 57 በመቶ መጨመሩን እ.ኤ.አ. በ2020 ገልጸዋል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ የጨመረው የሱፍ ፍሬ ነው፤ ሽታውም የጠርሙስ ናና ሳይሆን በማሳው ላይ የሚጠብቃቸው አበባ ሽታ ነው። ሽታ ንብን መንገድ ያሳያታል። በመንገዱ መጨረሻ ላይ አበባ ከሌለ ግን ማር አይኖርም።

አዛውንቱና ጠጅ ሳሩ

ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ወደ ጨንቻ የሚወስደው ዳገት 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ያደርሳል። ታች ሙዝ፣ ማንጎና ግራር ትተህ፣ ላይ እንሰት፣ ቀርከሃና ፖም ታገኛለህ። ከጨንቻ ወዲያ ማዶ ዕድሜያቸውን በሙሉ በቀርከሃ ቀፎ ንብ ሲያነቡ የኖሩ አንድ አዛውንት አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ሄጄ ስለ ዘይቱ ሳጫውታቸው ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱና ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ ጠጅ ሳር አይደለም እንዴ? ለዚህ ነው ብር የከፈልከው?»

እሳቸው አዲስ ቀፎ ሲሰቅሉ ውስጡን በጠጅ ሳርና በሌሎች መዓዛማ ቅጠሎች ያሹታል፤ ቀድመውም በወይራ ያጥኑታል። ይህን የሚያደርጉት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ በብዙ የአገራችን ክፍሎች መንጋ ለመጥራት ቀፎን በሽታ ማዘጋጀት የቆየ ልማድ ነው። ሳይንሱም አዛውንቱን ይደግፋል። ሠራተኛ ንቦች ከቀፎ ደጃፍ ቆመው ሆዳቸውን ወደ ላይ ቀስረው ክንፋቸውን ሲያርገበግቡ አይታችሁ ይሆናል፤ ከጀርባቸው ከሚገኝ ዕጢ «ቤታችን እዚህ ነው» የሚል ሽታ እየለቀቁ ነው። ከዚያ ሽታ ዋና ዋና ክፍሎች መካከል ሲትራልና ጄራኒዮል ይገኙበታል። የጠጅ ሳር ዘይት ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ሲትራል ነው። ሰውየው ላቦራቶሪ ሳይገቡ የንቧን ቋንቋ ደርሰውበታል ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ዘይቱ ለጋሞ ንብ አናቢ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በብድር የተገዛ ባለፍሬም ቀፎ ባዶውን ነው የሚመጣው፤ የንብ መንጋ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ባዶ ቀፎ ውስጥ አንዲት ጠብታ ጠብ ማድረግ፣ ወይም ያለ ምንም ወጪ ከጓሮ ጠጅ ሳር ቆርጦ ማሸት፣ መንጋ የማግኘት ዕድልን ከፍ ያደርጋል። ለዚህ ደግሞ ስኳርም ማዋሃጃም አያስፈልግም።

የእኔ ጥፋት

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። አራቱን ቀፎዎች እናቴ ግቢ ከሽፈራው ዛፍ ሥር አስቀምጬ ነበር፤ ጋሞዎች ሀለኮ የሚሉት ዛፍ ነው። ሲያብብ ንብ የማይለየው፣ ቅጠሉ ለሰው ወጥ የሚሆን ባለውለታ ዛፍ። በየካቲት ፈቃድ ወስጄ ሄድኩና ከአንድ ወዳጄ ያገኘሁትን ንጹህ የናና ዘይት በሽሮፕ ውስጥ ጨመርኩ። ማዋሃጃ የሚባለውን ነገር አላውቀውም ነበር። መጠኑንም «ትንሽ ይሻላል» ከማለት «ትንሽ ልጨምርለት» አልኩ። ይባስ ብሎ ያደልኩት በቀትር ነበር።

የአርባ ምንጭን የየካቲት ቀትር የሚያውቅ ይፈርደኛል። ሽታው በደቂቃ ውስጥ ሰፈሩን አዳረሰ። ከየት እንደመጡ ያላወቅኳቸው ንቦች ግቢውን ሞሉት፤ ደካማ የነበረውን አንዱን ቀፎ መዝረፍ ጀመሩ። እናቴ በሩን ዘግታ ከውስጥ ሆና «ምን አመጣህብን!» ትላለች። በማግስቱ ከመመገቢያው ሥር የሞቱ ንቦች ተከምረው አገኘሁ። በሳምንቱ የተዘረፈው ቀፎ ባዶ ሆነ፤ አጠገቡ የነበረው ደግሞ እጩን ጥሎ ኮበለለ። የአገራችን ንብ እንደ አውሮፓ ንብ አይደለችም፤ ካልተመቻት ቤቷን ጥላ ለመሄድ አታመነታም።

የቀሩትን ሁለቱን ቀጥዬ መገብኳቸው፤ ዝናቡ ዘንቦ አበባው ፈክቶም አላቆምኩም። ማር ሲቆረጥ መጠኑ ጥሩ ነበር። ለደንበኛ ነጋዴ ሳቀርብለት በጣቱ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደና «ይሄ የጥርስ ሳሙና ነው» ብሎ መለሰልኝ። ጠጅ ቤት እንኳ አልተቀበለውም። ያን ማር እናቴ ለጉንፋን እያለች ለጎረቤት አድላ ጨረሰችው።

ነጋዴው አልተሳሳተም። ማር የሽታን ነገር ይዞ የሚያስቀር ነገር ነው። ቲሞልን ብንወስድ በአንድ ኪሎ ማር ውስጥ ከአንድ ሚሊግራም ጥቂት ሲያልፍ የሰው ምላስ ይለየዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ስኳሩ ነው። አበባ ባለበት ወቅት የተሰጠ ሽሮፕ በቀጥታ ወደ ማሩ እንጀራ ይገባል። በዓለም አቀፉ የኮዴክስ መስፈርት መሠረት በአብዛኛው የማር ዓይነት ውስጥ ሱክሮዝ ከ5 በመቶ፣ እርጥበት ደግሞ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ አውሮፓ ኅብረት ማር መላክ ከሚፈቀድላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስትገባ፣ ማሯ እንደሚመረመርም አብራ ተቀብላለች። በየዋህነት የተመገበ ቀፎ የሚሰጠው ማር በላቦራቶሪ ዓይን ሆን ተብሎ ስኳር ከተቀላቀለበት ማር አይለይም።

ታዲያ ምን ይሠራል?

ዋናው ነገር ጊዜ ነው። አንዲት ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስከ መፈልፈል ወደ 21 ቀን ትወስዳለች። ከተፈለፈለች በኋላም በመጀመሪያ ቀፎ ታጸዳለች፣ እጭ ትመግባለች፣ ሰም ትሠራለች፤ ለቀሰም ወደ ሜዳ የምትወጣው ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 40 ቀን አካባቢ ይሆናሉ። ይህ ማለት አበባው በሚፈካበት ቀን ለሥራ የተዘጋጀች ንብ እንድትኖር ንግሥቲቱ ከ40 ቀን በፊት እንቁላል መጣል አለባት። አበባው ከወጣ በኋላ የተጀመረ መኖ ማሩ ካለቀ በኋላ የሚደርሱ ንቦችን ያሳድጋል፤ እነሱ ደግሞ ማር ያበላሉ እንጂ አያመጡም።

በአርባ ምንጭ ቆላ ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ይበረታል፤ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ይመለሳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። ስለዚህ በቆላው ለመጀመሪያው አበባ የሚሰጠው ማነቃቂያ መኖ ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ ተጀምሮ አበባው ሲታይ መቆም ይኖርበታል። ቀኑን የሚወስነው ግን የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ሰማዩ ነው። ወደ ጨንቻ ሲወጣ ግራዋው፣ ብሳናው፣ ባቄላውና ፖሙ በራሳቸው ጊዜ ያብባሉ። በ40 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት የተለያየ አየር ያለበት አካባቢ የታደለ ነው። ቀፎን በሌሊት ጭኖ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ማዘዋወር የሚችል ማኅበር ስኳርም ሆነ ጠርሙስ የሚፈልግበት ቀን ያጥራል። ከሁሉም መኖ የሚበልጠው አበባ ነውና።

ሽሮፑ አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ለብ ባለ ውኃ ነው። ስኳር እንዳያር ከእሳት ማራቅ ያስፈልጋል፤ የተቃጠለ ስኳር ንብን ይጎዳል። መስጠት የሚገባው ማምሻውን፣ በቀፎው ውስጥ፣ ንቦቹ እስከ ንጋት በሚጨርሱት መጠን ብቻ ነው። እኔ የዘለልኩት ይህን ነበር። ስኳር ግን ጉልበት እንጂ ሥጋ አይሆንም፤ እጭ የሚያድገው በአበባ ዱቄት ነው። በድርቅ ወቅት የአገራችን አናቢዎች በሶና የአተር ወይም የባቄላ ዱቄት የሚሰጡት ለዚህ ነው። ዱቄቱ በርበሬና ቅመም ያልነካው መሆን አለበት፤ የቤት ሽሮ ለንብ አይሆንም። ይህን የምለው አንድ የማውቀው ሰው እንዲያ አድርጎ ስለነበር ነው።

ውኃም አይረሳ። አርባ ምንጭ ስሟን ከምንጮቿ ብታገኝም፣ ዓባያና ጫሞ በሁለት ወገን ቢያቅፏትም፣ በበጋ ቀትር ሩቅ በረራ ንብን ያደክማል። ጠጠር የተደረገበት የውኃ ገበታ በቀፎው አቅራቢያ ማስቀመጥ ከብዙ ጠርሙስ ይበልጣል። የቀፎ እግር ላይ አመድ ወይም የተቃጠለ ዘይት አድርጎ ጉንዳን መከላከልም እንዲሁ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ፀረ ተባይ ነው። በሐይቆቹ ዳር ባለው ሜዳ የአትክልትና የጥጥ ማሳ አለ፤ አበባ በፈካ ሰዓት የተረጨ ፀረ ተባይ በአንድ ጠዋት 40 ቀን የተለፋበትን የንብ ሠራዊት ሜዳ ላይ ያስቀረዋል። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። በቀበሌ ደረጃ ግን የሚሠራው ገበሬው ከመርጨቱ በፊት ለንብ አናቢው የሚያሰማው ቃል ነው፤ ረጪውም ፀሐይ ስትጠልቅ ቢረጭ ሁለቱም ያተርፋሉ።

ይህን ሁሉ አሟልቶ ዘይቱንም መሞከር የሚሻ ይሞክር። ግን ለንብ ተብሎ የተዘጋጀውን፣ ማዋሃጃ ያለውን ይጠቀም፤ በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው መጠን አይለፍ፤ በቆላ ሙቀት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ያድርግ። በቲሞል የተሠሩ የቀፎ መድኃኒቶች አምራቾች የሙቀት ወሰን የሚያስቀምጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሙቀት ሲጨምር ትነቱ ይጨምራል፣ ንቦቹም እጭ ያወጣሉ ወይም ይኮበልላሉ። የማር መደብ ከመደረቡ በፊት ማቆም የግድ ነው።

ለአጎቴ ልጅም ይህንኑ ነገርኩት። መጀመሪያ ቅር አለው፤ «አንተ ስለከሰርክ ነው የምትፈራው» አለኝ። ውሸትም የለበትም። ከዚያ ግን ተደራደርን። ለ40 ቀፎ የታሰበው ዘይት ቀርቶ አንድ ጠርሙስ ብቻ ተገዛ። በቀረው ገንዘብ ስኳርና አንድ የሚንጠለጠል ሚዛን ተገዛ፤ ለብድሩ ክፍያ የተቀመጠውም ሳይነካ ቀረ። ከቀፎዎቹ መካከል በንብ ብዛት የሚቀራረቡ አሥሩ ተመረጡ። አምስቱ ክዳናቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀቡ፤ እነሱ ሽሮፕና ዘይት ያገኛሉ። አምስቱ ነጭ ተቀቡ፤ ሽሮፕ ብቻ፣ በእኩል መጠን፣ በአንድ ምሽት። የቀለሙን ትርጉም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ የሚመዝኑት ጓደኞቹ አያውቁም። ይህን የመከርኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ያመነበትን ነገር ሲመዝን እጁ ይከብዳል።

በየአሥር ቀኑ ማታ እየመዘኑ በደብተር ይጽፋሉ። ትናንት ደውሎ ሽፈራው ማበብ ጀመረ፣ ሽሮፑንም አቆምን አለኝ። ነጮቹ እንዴት ናቸው ቀዮቹስ ብዬ ስጠይቀው «ደብተሩ ከጸሐፊው ዘንድ ነው፣ ማር ሳይቆረጥ አልነግርህም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።